ሦስት መዝሙር፣ አንድ ሰልፍ

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል በዕድሜ ከፍ ያሉት በልጅነታቸው የዘመሩትን የሕዝብ መዝሙር ታናናሾቻቸው አያውቁትም። መካከለኞቹ የዘመሩትንም የዛሬ ተማሪዎቻችን ምናልባት በዩቲዩብ ካልሆነ አልሰሙትም። ሦስቱን ትውልድ የሚያገናኘው ሰልፉ ነው። ሁሉም በጠዋት ብርድ ክንዳቸውን ዘርግተው ርቀት ለክተው፣ ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብለው ቆመዋል። በፍኖተ ሰላምም በሉት በቡሬ፣ ወይም የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል በሚመታበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሥርዓቱ ያው ነው።

በሌሎች አገሮች ተማሪዎች ለአገር የሚገቡት ቃል ተጽፎ ይነበባል። የአሜሪካ ልጆች ፍራንሲስ ቤላሚ እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈውን ቃል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይሉታል። ሕንዶችም እ.ኤ.አ. በ1962 የተጻፈ ብሔራዊ ቃል ኪዳን አላቸው። እኛ ጋ እንዲህ በየጠዋቱ የሚነበብ ቃል አልተለመደም። የእኛ ልጅ ቃሉን የሚገባው በዜማ ነው። ዜማ ደግሞ አንዴ ልብ ውስጥ ከገባ በአዋጅ አይወጣም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የመምህራኑ ፈተና ይኼ ነበር።

ለምዕራብ ጎጃም ሰው ባንዲራ ከትምህርት ቤት ይቀድማል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የተደረገው ጉዞ ያለፈው በጎጃም ነበር። ጣሊያን በየካቲት ማብቂያ ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ አርበኛውና ገበሬው ባንዲራውን የተቀበሉት ማንም አሰልፏቸው ሳይሆን አምስት ዓመት ደም ከፍለውበት ነው። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤት የገቡት የእነዚያ አርበኞች ልጆች መምህሩ ስለ ባንዲራ ሲናገር ነገሩን ከቤት ሰምተውት ነበር።

የመጀመሪያው መዝሙር በ1923ቱ የዘውድ በዓል የተሰማው፣ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው ነው። የግጥሙ መሐል ንጉሡ ነበሩ። በዚያ ዘመን መንገደኛው እንኳ ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ ባለበት ይቆማል፤ ገበያተኛውም አህያውን ይዞ ቀጥ ይላል። ነገር ግን ሰልፉን የሚመራው ሰው ልብ ሁልጊዜ ከቃሉ ጋር አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍላተ ሀገር ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። በዚያው ዓመት «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነው። ጠዋት ለንጉሡ ያዘምራል፣ ማታ ስለ መሬት ይከራከራል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካብኝ ነው» ብሎ ተነሣ። ከሞጣና ከቢቸና የተነሣው እምቢታ ሌሎችንም ወረዳዎች አዳረሰ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተ። እንግዲህ አባት ዱር ገብቶ ልጅ ለዚያው ንጉሥ ይዘምር ነበር ማለት ነው። ልጁ ዋሸ ልንል አንችልም፤ ያቀረቡለትን ነው ያለው።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ቀርቶ አዲስ መዝሙር መጣ፤ ግጥሙ የአሰፋ ገብረ ማርያም፣ ዜማው የዳንኤል ዮሐንስ ነው። ንጉሡ ከግጥሙ ወጡ፤ በምትካቸው ኅብረተሰባዊነት ገባ። ትናንት የፊተኛውን ያስጠኑ መምህራን የኋለኛውን በጥቁር ሰሌዳ ጽፈው ያስጠኑ ጀመር። ከመዝሙሩ ሌላ የግራ እጅ ጭብጥና መፈክርም ነበረ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ደግሞ ጉዳዩ ከዜማ አለፈ። ጠዋት ስለ እናት አገር የዘመረው የገጠር ልጅ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ተላከ። ስንቱ እንዳልተመለሰ የየመንደሩ እናቶች ያውቃሉ።

ሦስተኛው መዝሙር የ1984ቱ ነው፤ ግጥም ደረጀ መላኩ፣ ዜማ ሰሎሞን ሉሉ። በዚህኛው የመሪ ስም የለም። ክርክሩ ግን ወደ ጨርቁ ዞረ። በ1988 ዓ.ም. ባንዲራው ላይ ዓርማ ተጨመረ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ከለከለ። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው አባቱ የተዋጋለትን ልሙጡን ይወዳል። እናም ሕፃኑ ሥዕል ሲሥል የትኛውን እንደሚሥል ቤትና ትምህርት ቤት የተለያየ ነገር ይነግሩታል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የክልል መዝሙርና ባንዲራ ጉዳይ ተማሪዎችን ሲያጋጭ፣ ሰልፍ መሰባሰቢያ መሆኑ ቀርቶ መከፋፈያ ሊሆን እንደሚችል አየን።

ታዲያ ሥርዓቱ ይቅር? እኔ አይቅር ባይ ነኝ። በጎጃም ባላገር ዘንድ ቃል የአንድ ወገን ሆኖ አያውቅም። ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ያስምላል፣ ዋስ ይጠራል፤ አንዱ ብቻ የማለበት እርቅ፣ እርቅ አይባልም። የትምህርት ቤቱ ቃል ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ለአገር ቃል ይገባል፤ አገር ለልጁ የገባችውን ግን ማንም ሰልፍ ፊት ቆሞ አይነግረውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተማሪ ለባንዲራ ቃል እንዲገባ አይገደድም ሲል ወስኗል። የእኛ ሽማግሌዎችም በግድ የተማለ መሐላ እንደማያጸና ሳይጻፍ ያውቁት ነበር።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ገጠሩ የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ናቸው። አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ከብት እየጠበቀ ዕድሜው ያልፋል። እሱ የትኛውን መዝሙር ይዘምር ብሎ መከራከር ቅንጦት ነው፤ የሚሰለፍበት ግቢ የለውማ። የአገር ቃል የሚፈርሰው ልጁ መዝሙሩን ሲረሳ ሳይሆን ደወሉ ሳይደወል ሲቀር ነው።

በየሙያችን፣ በየምናምንበት ወገን፣ ልንለያይ እንችላለን። ሆኖም ማስተማሪያ ክፍል የማንም ምሽግ እንዳይሆን፣ መምህር ደመወዙን አግኝቶ በሰላም እንዲያስተምር፣ የተዘጋው እንዲከፈት መናገር ከምሩቅ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው። ከእኛ የምርምር ሰዎች ደግሞ አንድ ሥራ ይጠበቃል። ሦስቱንም መዝሙር ያስጠኑ መምህራን ጥቂቶቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ሳያልፉ በድምፅ ይቀረጹ። ሰሌዳውን አጥፍተው አዲስ ቃል ሲጽፉ ምን እንዳሰቡ፣ ልጆቹ ምን ብለው እንደጠየቋቸው፣ ከእነሱ በቀር የሚነግረን የለም።