ቡናማውን ማን አነሳው?

ኮምፒውተር ሲነሳ የሚታየውን ሥዕል ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ የለም። ሥዕሉ የተሰቀለው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 95ን ሰማይና ደመና ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከደመናው ጀርባ ያው የድሮው ዶስ ነበር የሚነሳው። ኢስኬፕ የምትባለውን ቁልፍ ሲጫኑ መጋረጃው ይገለጥና ጥቁሩ ስክሪን ከነጽሑፉ ፍጥጥ ይላል። ሥዕሉ ተራ ፋይል ስለነበር ሊለውጡት ይቻላል፤ አንድ የማውቀው የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለቤት ደመናውን አንስቶ የልጁን ፎቶ ተክቶበት ነበር።

ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ሲወጣ ነገሩ ከመጋረጃነት አለፈ። ገንዘቡን ያወጣው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው፤ ኩባንያውን በ1999 ሸጦ የበለጸገ፣ በ2002 ደግሞ በሩሲያ መንኩራኩር ሕዋ ደርሶ የተመለሰ ሰው። ስሙን ከአገሩ ቋንቋዎች ወሰደ፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደማለት። አርማው እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ የሠሩ ሦስት ሰዎች ሆኑ። ቀለሙስ? ቡናማ! የኮምፒውተር ዓለም በሰማያዊ በተጥለቀለቀበት ዘመን። በ2005 ሲነሳ የሚታይ ሥዕልም ተጨመረለት፤ አርማው፣ ከሥሩም ቀስ እያለች የምትሞላ መስመር።

ብዙዎች ቡናማውን ጠሉት። ጭቃ ነው ያሉም ነበሩ (ጭቃስ የዋሁ ስድብ ነው)። እኔ ግን ወደድኩት። የአፈር፣ የቆዳ፣ የተቆላ ቡና ቀለም አይደል እንዴ? የአፍሪካ ስም ይዞ የሌላውን ሰማያዊ ከመልበስ ይሻላል።

በ2010 ግን ቡናማው ተነሳ። የ10.04 እትም ሲከፈት የደበርጃን ቀለም ላይ ነጭ ስም፣ ከሥሩ የሚበሩ ነጠብጣቦች ብቻ። በዚያው እትም የመስኮት መዝጊያዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛወሩና ተጠቃሚው ጮኸ። የሻትልወርዝ መልስ፣ ይህ ዴሞክራሲ አይደለም፣ አስተያየት እንሰማለን እንጂ በዲዛይን ድምፅ አንሰጥም የሚል ነበር። መቼም ሐቁን ተናገረ፤ አሥር ሺህ ሰው ተሰብስቦ ቀለም አይመርጥም። ሰው በሰው ነው የሚል ስም ካወጣ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ጆሮ ይከብዳል።

ደግነቱ፣ ኮዱ ክፍት ነው። ያን ሰሞን እኔም እንደ ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ደበርጃኑን አውርጄ ቡናማዬን መልሼ ሰቀልኩ።