መንገድ ወለድ ጉዞ

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዓባይ ማዶ ቆሞ ወደ ባሕር ዳር የሚገባውን ሰው ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ከዘንዘልማ በኩል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች አቀርቅረው ይመጣሉ። ታናሽ እህቱን በሳይክል ያፈናጠጠ ተማሪ በጎናቸው ሽው ብሎ ያልፋል። ከኋላው ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ ከፎገራ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ከዚያም የጎንደር ሚኒባስ ይከተላል።

ይህ ሁሉ ለስድሳ ዓመት ገደማ በአንድ ጠባብ ድልድይ ሲተላለፍ ኖሯል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ ለእግረኛና ለሳይክልም ቦታ ተሰጥቶታል። ድልድዩ በመሠራቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እዚህ ላነሳው የፈለግሁት ግን በላዩ ስለሚያልፈው ሰው ነው። ከሚያልፉት አንዳንዶቹ አዲሱ ድልድይ ባይሠራም ይመጡ ነበር፤ ወረፋውን ችለው፣ አለዚያም ሌሊት ተነስተው። ሌሎቹ ግን ድልድዩ ባይኖር ዛሬ ጠዋት ከቤታቸው አይወጡም ነበር፤ ወይ ሌላ ገበያ ይሄዱ ነበር፤ ወይም መጀመሪያውኑ ቤታቸውን እዚያ ማዶ አይሠሩም ነበር። የእነዚህን የኋለኞቹን ጉዞ የትራንስፖርት ባለሙያዎች «ኢንዱስድ ዲማንድ» ይሉታል። በአማርኛ «መንገድ ወለድ ጉዞ» እንበለው ባይ ነኝ።

ይህን ስያሜ ለምን እንደመረጥሁ ላስረዳ። «የተቀሰቀሰ ፍላጎት» ሲባል ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ሲታይ ስህተት የለበትም። ነገር ግን ቅስቀሳ የምንለው ለምርጫ፣ ለክትባት፣ ለሰልፍ ነው፤ ከበስተጀርባው ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አለ። መንገድ ማንንም አይጠራም። ተዘርግቶ ይተኛል፤ ሰው ግን ጊዜውንና ገንዘቡን አስልቶ ይመጣበታል። «የተፈጠረ ፍላጎት» የሚሉም አሉ። ይህኛው ደግሞ ጉዞው የውሸት የሆነ ያስመስላል፤ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ገበሬ ጉዞው የተፈጠረ ነው ቢባል ቅር ቢለው እውነት አለው።

«ወለድ» ግን ለአማርኛ ቤተኛ ነው። ልብ የወለደውን ድርሰት ልብ ወለድ እንላለን። ውሃ ወለድ በሽታ የሚለውን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ አንብበን አድገናል፤ መነሻው ውሃ የሆነ በሽታ ማለት ነው። መንገድ ወለድ ጉዞም መነሻው መንገዱ የሆነ ጉዞ ነው። በዚያ ላይ ከባንክ ቤት የምናውቀው ወለድ አለ፤ ዋናው ገንዘብ በተቀመጠበት የሚያፈራው ጭማሪ። ሁለተኛው ትርጉም ለዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ይስማማል፤ ጉዞው የሚመጣው በምረቃው ማግስት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዓመት በዓመት እየተደመረ ነውና። «ፍላጎት»ን ትቼ «ጉዞ» ያልሁትም ሆን ብዬ ነው። ፍላጎት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጉዞን ግን ድልድይ ራስ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቁጠር ይቻላል።

ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ከገበያ ሕግ የተለየ አይደለም። ቲማቲም ሲረክስ ገዢው ይበዛል። የጉዞ ዋጋ ደግሞ የታሪፉ ብር ብቻ ሳይሆን ወረፋ ላይ የሚያልቀው ሰዓትም ጭምር ነው። መንገድ ሲሰፋ ያ ሰዓት ያጥራል፣ ጉዞ ይረክሳል፣ ተጓዥ ይበዛል። አንቶኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት የመጀመሪያዎቹን መጤዎች በሦስት ከፍሎ አሳይቷል። በሌላ መንገድ ይሄዱ የነበሩት ወደተሻለው ይዞራሉ። ወረፋ ሽሽት 11 ሰዓት ይነሱ የነበሩት እንቅልፋቸውን ጠግበው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። በአውቶቡስ ይሄዱ የነበሩት መኪናቸውን ያስነሳሉ። በጥብቅ አነጋገር መንገድ ወይም ሰዓት የቀየረው ሰው ጉዞ ተዛዋሪ እንጂ መንገድ ወለድ አይደለም፤ መንገድ ወይም ጊዜ ለወጠ እንጂ አልተጨመረም። መንገድ ወለድ የሚባለው በአካባቢው በተሽከርካሪ በሚነዳው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ላይ የተጨመረው ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዶ መኪና የያዘው፣ በሳምንት አንዴ ይመጣ የነበረውና አሁን ሦስቴ የሚመጣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱን ከከተማ አርቆ የሠራው።

በቴክሳስ ሂዩስተን የሚገኘው ኬቲ ፍሪዌይ የዚህ ነገር የታወቀ ምሳሌ ነው። 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስፋፊያው ሲያልቅ፣ በአንዳንድ ቦታ የጎን መንገዶቹ ተጨምረው 26 መስመር ደረሰ። ሃያ ስድስት! እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ግን በዚያው መንገድ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው የማለዳ ጉዞ በ30 በመቶ፣ የማታው መልስ በ55 በመቶ ረዘመ። ስፋቱን ተማምኖ ከዳር በኩል መንደር በመንደር ላይ ተሠርቷል፤ እዚያ የሚኖረው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል።

ሂዩስተን ብቻዋን ብትሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የአሜሪካን ከተሞች አንድ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የፈጣን መንገዱ የመስመር ርዝመት በ1 በመቶ ሲጨምር የሚነዳው ኪሎ ሜትርም ወደ 1 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ያው ጥናት ለእኛ ለአውቶቡስ ወዳጆች የማይጥም ውጤትም አለው። የሕዝብ ትራንስፖርት መጨመርም የሚነዳውን ኪሎ ሜትር አልቀነሰም። አንድ ሰው መኪናውን ትቶ አውቶቡስ ሲሳፈር የለቀቀውን ቦታ ሌላ ባለመኪና ይይዘዋልና። ይህን ደብቆ ስለ አውቶቡስ መከራከር አያስፈልግም። አውቶቡስ የሚያስፈልገው መኪና የሌለው ሰው ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ እንዲደርስ ነው፤ ይህ ደግሞ ከበቂ በላይ ምክንያት ነው።

ቃሉ ለረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ለማግኘት ከዙሪያው አስተዳደሮች ጋር ተመካክሮ ማቀድ አለበት። ዛሬ የሚዘጋጀው ዕቅድ ቢያንስ 20 ዓመት ወደፊት የሚያይ ሲሆን በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱ ይከለሳል። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚጸና ሆኖ ተደንግጓል። ዘመኑ ይለያይ እንጂ ስሌቱ ከአንድ ቤት የወጣ ነው። እነ ዲትሮይትና ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደራጁት አሠራር አራት ጥያቄ በተራ ይጠይቃል። ከየሰፈሩ ስንት ጉዞ ይነሳል? ወዴት ይሄዳል? በምን ይሄዳል? በየትኛው መንገድ ያልፋል? ለዚህ ሁሉ መነሻው ከ20 ዓመት በኋላ ሕዝቡ የት እንደሚኖር፣ ሥራው የት እንደሚሆን የሚያሳይ ካርታ ነው።

ጉድለቱም ከዚያ ካርታ ይጀምራል። አዲሱ መንገድ ቢሠራና ባይሠራ ያለውን ልዩነት ሲያሰሉ በብዙ ዕቅዶች ለሁለቱም አንድ ካርታ ይጠቀማሉ። መንገዱ ተሠራም አልተሠራም ያው ሰው ያው ቦታ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ በመንገዱ ምክንያት የሚቆረቆረው መንደር በሁለቱም ስሌት ውስጥ የለም፤ ወይም በሁለቱም ውስጥ አለ። በየትኛውም በኩል ልዩነቱ ዜሮ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ዛሬ በሰዓት 1,000 መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ 2,000 ያስተናግዳል ተብሎ ቢተነበይ፣ ለ2,000 ይበቃል ተብሎ ይሰፋል። 2,000 ሲመጣ ትንበያው ልክ ነበር ተብሎ ይጨበጨባል። ከመጡት ውስጥ ስንቱን ማስፋፊያው ራሱ እንዳመጣው የጠየቀ የለም፤ ለጥያቄው ቃል አልነበረምና።

ከዕቅድ አውጪው በፊት ይህን ስሌት አሳምሮ የሚያውቀው ደላላው ነው። ገና ቀያሾች ችካል ሲተክሉ የታዩ ቀን የቦታው ዋጋ ይነሳል። «አሁን ኮሮኮንች ነው፣ ነገ ግን አስፋልት ዳር ይሆናል» የሚለው የደላላ ንግግር የመንገድ ወለድ ጉዞ ትንበያ ነው፤ ያውም በገንዘብ የተደገፈ። በባሕር ዳር ዙሪያ በማኅበር ተደራጅቶ ቤት የሚሠራ ሰው ቦታው ሩቅ መሆኑን እያወቀ የሚስማማው መንገዱን አስቦ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ልጆቹ የሚማሩት፣ እሱም የሚሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ በቀን አራት ጊዜ መመላለሱ ግድ ይሆናል። ሳይክል ለስድስት ኪሎ ሜትር መልካም ነው፤ ለአሥራ አምስት ግን ልጅ አፈናጥጦ የሚሞክረው ጥቂት ነው። በሳይክል ስሟ የተነሳ ከተማ እንዲህ ቀስ በቀስ ሳይክሏን ታጣለች፤ ማንም ሳይወስን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ የጀርመናዊው ማክስ ጉተር ቡድን ባሕር ዳርን ሲነድፍ ሰፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎችን አውጥቶ ነበር። ሳይክሉን ያኖረው የጎዳናው ስፋት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሜዳ፣ ርቀቱም አጭር ስለነበር ነው። ሜዳነቱን የሚወስደው የለም፤ አጭርነቱ ግን ከእጃችን እያመለጠን ነው።

እዚህ ላይ ከዚህ ቃል ጋር አንድ ሌላ ቃል አብሮ ካልተጠቀሰ ነገሩ ይዛባል፤ «የታፈነ ጉዞ»። ምጥ የያዛት እናት መኪና የሚያስገባ መንገድ በማጣት ቤቷ ስትቀር፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለሆነ ስታቋርጥ፣ ጉዞው አለ ግን ታፍኗል። በገጠር ዩራፕ የምንለው ፕሮግራም ቀበሌዎችን በመንገድ ያገናኘው እንዲህ ያለው ጉዞ እንዲወለድ ነው። ስለዚህ መንገድ ወለድ የሚለው ቃል ስድብ አይደለም። ቆጥሮ ሲያበቃ የማን ጉዞ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ሰው ለብቻው የሚነዳው መኪና እና ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ የደረሰችው እናት ሁለቱም መንገድ ወለድ ናቸው፤ በአንድ ሚዛን ግን አይመዘኑም። ይህን መለየት የሚገባው ለመንገዱ ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤት ነው፤ ባለሙያው ቁጥሩን ያቅርብለት።

የሳይክል መስመርም ጉዞ ይወልዳል። አውቶቡስ ብቻ የሚሄድበት መስመርም እንደዚሁ። ጥላ ያለው የእግር መንገድ ደግሞ ፀሐይ ፈርታ ባጃጅ ትይዝ የነበረችውን ሴት በእግሯ ያስኬዳታል። ተገላቢጦሹም ታይቷል። ሴኡል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ቼንጌቾን በተባለው ወንዝ ላይ የተዘረጋውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ አፍርሳ ወንዙን ስታወጣ፣ ከተማዋ በትራፊክ ትዘጋለች ተብሎ የተፈራው አልደረሰም፤ ከመኪናው ጉዞ ከፊሉ ከነጭራሹ ቀረ። ለዚህኛው ደግሞ «ተናኝ ጉዞ» የሚል ስም ቢወጣለት እላለሁ፤ ውሃ እንደሚተነው።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማዋ ውስጥ ግንባታ ትራፊክን ምን ያህል ያዘገያል የሚለውን ትታ ስንት የመኪና ኪሎ ሜትር ይጨምራል ብላ መጠየቅ ጀምራለች። ለእኛ ከተሞች ያን ያህል ውስብስብ ሕግ ሳያስፈልግ የሚጀመር ነገር አለ። የባሕር ዳርና የዙሪያዋ ቀጣይ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ከዓባይ ማዶ እስከ ዘንዘልማና ሐሙሲት፣ በወዲያኛው በኩል እስከ መሸንቲና መራዊ፣ ሁለት ካርታ ይሠራ፤ አንዱ መንገዱ ቢሰፋ ሰው የሚሰፍርበትን፣ ሌላው ባይሰፋ የሚሰፍርበትን የሚያሳይ። ለመጀመሪያው ካርታ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ደላላውም ይጠየቅ። ከዚያም ሠንጠረዡ ላይ «ያለ መንገዱ» እና «ከመንገዱ ጋር» ከሚሉት ሁለት ዓምዶች ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ ይጨመር። ራስጌው ላይ «መንገድ ወለድ ጉዞ» ተብሎ ይጻፍበት፤ የእግረኛው፣ የሳይክሉ፣ የባጃጁ፣ የአውቶቡሱና የቤት መኪናው በየረድፉ ተለይቶ ይቅረብ።