ፊት ሳይተያዩ ኮከብ ማጋጠም

ሙሽራው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ሙሽሪትም ቀይ ለብሳ ቀርባለች። ሙሽራው ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ግን የተያዘው አውራ ዶሮ ነው። ልጅቷ ከዶሮው ጎን ሆና ለሰማይና ለምድር፣ ቀጥሎም ለባሏ ቅድመ አያቶች ትሰግዳለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ ቤት ምራት ናት። ባሏን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ልትሆን ትችላለች።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃና በ20ኛው መጀመሪያ፣ ወንዶቻቸው ባሕር በተሻገሩባቸው የጓንግዶንግና የፉጂያን መንደሮች እንዲህ ያለው ሠርግ የታወቀ ነበር። በካሊፎርኒያ ወርቅ መገኘቱ ከተሰማ በኋላ፣ ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በተለይ ከታይሻን አውራጃ ብዙ ጎልማሶች ወደ አሜሪካ ነጎዱ። አገሬው አሜሪካን «የወርቅ ተራራ» ይላት ስለነበር፣ ቀያቸው ላይ ቀርተው አማትና አማች የሚጦሩት ሴቶችም «የወርቅ ተራራ ሚስቶች» ተባሉ።

ታዲያ ልጁ በሌለበት የሁለቱ ዕጣ መግጠሙ በምን ይታወቃል? መልሱ አንዲት ወረቀት ላይ ነው። የቻይና ኮከብ ቆጣሪ የሚሠራው «ባዚ» በሚባል ሒሳብ ነው፤ የልደት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው በሁለት ሁለት ፊደል ይጻፉና ስምንት ፊደል ይሆናሉ። በጥንቱ የጋብቻ ሥርዓት የሁለቱ ቤተሰቦች አማላጅ ይህን የያዘ ካርድ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያደርስ ነበር። ካርዱ ከቆጣሪው ፊት ከመቅረቡም ሌላ፣ በብዙ ቦታ ለሦስት ቀን በቅድመ አያቶች መሠዊያ ላይ ይቀመጣል። በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ጠብ ከተነሣ ወይም ሳህን ከተሰበረ ካርዱ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

ስምንቱን ፊደል ማስላት የማይችል ገበሬ እንኳ ዓመቱን በእንስሳ ያውቀዋል። አሥራ ሁለቱ እንስሳት አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ዝንጀሮ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻና አሳማ ናቸው። በአራት ዓመት የሚራራቁ ይስማማሉ፣ በስድስት ዓመት የሚራራቁ ይጋጫሉ ይባላል። በ1900 በአይጥ ዓመት የተወለደ ወንድ በ1904 በዘንዶ ዓመት ከተወለደች ልጅ ጋር ሲጣመር ዘመድ አዝማድ እልል ይላል፤ በ1906 በፈረስ ዓመት የተወለደችው ከመጣች ግን ፊቱን ያዞራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቆጣሪው ልጁን ማየት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። መልኩን፣ ጠባዩን፣ ጤናውን አይጠይቅም። የሚጠይቀው በደብዳቤ ሊላክ የሚችል ነገር ብቻ ነው። ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ ጎረቤት የሚመሰክርለት ነገር ሁሉ አብሮት ይርቃል፤ የልደት ቀኑ ግን እናቱ ዘንድ ይቀራል። ኮከብ ቆጠራ ለስደተኛ ትዳር የተመቸው ቆጣሪው ሩቅ ስለሚያይ አይደለም፤ ከሰውየው የሚፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው።

መለያየቱን የከፋ ያደረገው ሕግም ነበር። አሜሪካ በ1875 ባወጣችው የፔጅ ሕግ የቻይና ሴቶችን መግቢያ አጠበበች፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሌላ ሕግ አገደች። በ1890 በተደረገው ቆጠራ በአሜሪካ ለአንዲት ቻይናዊት 27 ያህል ቻይናውያን ወንዶች ነበሩ። እገዳው የተነሣው በ1943 ሲሆን፣ ያኔም የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ነው። ካናዳ በበኩሏ በ1885 በእያንዳንዱ ገቢ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር ቀረጥ ጣለች፤ በ1903 ወደ 500 አሳደገችው፤ ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ በሩን ከሞላ ጎደል ዘጋችው። በዚህ መሀል ትዳር ማለት ለብዙዎች በዕድሜ ልክ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደረግ ጉብኝት ሆነ።

የቀረውን የሚሸከመው ደብዳቤ ነው። በተለይ ወደ ሲንጋፖር፣ ታይላንድና ኢንዶኔዥያ የሄዱት ገንዘብና ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ይልኩ ነበር፤ ስሙ «ቺያኦፒ» ነው። አድራሹ በእግሩ እስከ ደጃፍ ይመጣል። ሚስትየዋ ማንበብ የማትችል ከሆነ ያነብላታል፤ መልሱንም እሷ እየነገረችው ይጽፋል። ከአማቷ ጋር ያላትን ቅሬታ፣ የጤናዋን ነገር፣ «ለምን ቀረህ?» የሚለውን ሁሉ የምትናገረው ለባዳ ነው ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2013 ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን በዓለም የትውስታ መዝገብ አስፍሯል።

ለቻይናው የኮከብ ሒሳብ በእኛ አገር የሚቀርበው «አውደ ነገሥት» በተባለው መጽሐፍ የሚሠራው ኮከብ ቆጠራ ነው። ለምሳሌ ወደ ወለጋ የመጣበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንጉሥ ምኒልክ ከገበሩ በኋላ ቤተ መንግሥታቸው ከሸዋ ካህናት ጋር ተቀራረበ፤ ልጃቸው ኩምሳም በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለው አገሩን ገዙ። ግቢያቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሟል።

አውደ ነገሥት የልደት ሰዓት አይጠይቅም። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይበቃዋል። ፊደላቱ በአበገደ ተራ ቁጥር አላቸው፤ ለምሳሌ ለ 30፣ መ 40 ነው። የለምለም ልጅ ለማ ይቆጠር ቢባል፣ «ለማ» 70፣ «ለምለም» 140፣ ድምሩ 210 ይሆናል። ለ12 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ ስድስተኛው ኮከብ ሰንቡላ ነው። ከሐመል እስከ ሑት ያሉት አሥራ ሁለቱ ኮከቦች ደግሞ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ ይመደባሉ፤ የባልና ሚስት መስማማትም ከዚሁ ይነበባል። «ኮከባችሁ አልገጠመም» ተብሎ የተበተነ እጮኝነት በየሰፈሩ ይወራል።

ይህ ሒሳብ ከቻይናው ይልቅ ለርቀት ይመቻል። የልደት ቀኑን በውል የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የእናቱን ስም የማያውቅ ግን ከስንት አንዱ ነው። ችግሩ ስም ሲለወጥ ነው። «ኩምሳ» ብሎ የሚደምርና «ገብረ እግዚአብሔር» ብሎ የሚደምር ደብተራ አንድ ኮከብ ላይ አይገናኙም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብም በልደት ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ በ1872 ተጠመቀ፣ ስዊድን ተማረ፤ በ1904 ወደ ወለጋ ሲመለስ አገሬው የሚያውቀው በአዲሱ ስም ነው። ስደት ስምን ከለወጠ ኮከብንም ይለውጣል ማለት ነው፤ ቆጣሪዎችም ለዚህ ሲሉ «የክርስትና ስምህ ማነው?» ብለው አበክረው ይጠይቃሉ።

ኦሮሞው ከአውደ ነገሥት በፊት የራሱ ቀመር ነበረው። እስከ ዛሬ በደንብ የተጠበቀው ቦረና ዘንድ ሲሆን፣ አያንቱ የሚባሉት ሊቃውንት ጨረቃን ከሰባት ከዋክብትና የኮከብ ስብስቦች ጋር እያስተያዩ ወርና ዓመት ይቆጥራሉ። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወር፣ 354 ቀን ነው። ቀናቱ ደግሞ በሰባት ቀን ሳምንት ሳይሆን በ27 ስም ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ አያና፣ ማለትም መንፈስ፣ አለው፤ በዚያ ቀን የተወለደውም ከቀኑ አያና ይወርሳል ተብሎ ይታመናል። ቻይናውያንም በጨረቃ መንገድ ላይ 28 ማረፊያዎችን ከፋፍለዋል። የቁጥሩ መቀራረብ ምሥጢር የለውም፤ ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ እዚያው ኮከብ ላይ ለመድረስ 27 ቀን ከሲሶ ገደማ ይፈጅባታል። አንዱ ወደ 27፣ ሌላው ወደ 28 አጠጋጋው።

በወለጋ ለጋብቻ ሲታሰብ ግን ከኮከቡ ይልቅ የከበደው የዘር ሐረግ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ሁለቱም ወገን ትውልድ ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ይህ ቆጠራ እንደ ቻይናው ካርድ በፖስታ አይላክም፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» መባባል አለባቸው።

ኮከቡን የተጠራጠሩም ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ፈላስፋ ዋንግ ቾንግ፣ አይጥ ውሃ ፈረስ እሳት ከሆነ፣ ውሃም እሳትን ካሸነፈ፣ አይጥ ፈረስን ሲያባርር ያልታየው ለምንድን ነው ሲል ጠይቋል። የቻይና ኮሚኒስት መንግሥት በ1950 ባወጣው የጋብቻ ሕግ ወላጅ የሚያስገድደውን ትዳር ከለከለ፤ ቆጣሪዎችንም በአጉል እምነት ፈርጆ አሳደደ። በእኛም አገር ቤተ ክርስቲያን ኮከብ ቆጠራን ታወግዛለች፤ በወለጋ ሥር የሰደደችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም እንዲሁ። ምእመኑ ግን አንዳንዴ ከቅዳሴ መልስ ደብተራው ጋ ጎራ ማለቱን አልተወም።

እምነቱ ምን ያህል እንደሚሠራ የወሊድ መዝገብ ያሳያል። የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የጀመረው ዓመት በቻይና አቆጣጠር «የእሳት ፈረስ» ነው፤ በ60 ዓመት አንዴ ይመጣል። ይህንኑ አቆጣጠር በወረሰችው ጃፓን፣ በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች ስለሚባል፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ሕፃናት ከቀደመው ዓመት በሩብ ያህል ቀነሱ፤ ከ1.82 ሚሊዮን ወደ 1.36 ሚሊዮን። በተቃራኒው የዘንዶ ዓመት ይፈለጋል። ቻይና ውስጥ ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የነበረው ወሊድ በዘንዶው ዓመት በ2024 እ.ኤ.አ. ከ9.02 ወደ 9.54 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ከወረርሽኙ በኋላ የተፈጸሙት ጋብቻዎችም አግዘውታል።

ዛሬ ከሚስትና ከልጅ ርቀው የሚኖሩ ቻይናውያን ኢትዮጵያ ውስጥም ሞልተዋል። ሁለቱ አገሮች በኅዳር 1970 እ.ኤ.አ. ግንኙነት ከመሠረቱና ንጉሠ ነገሥቱ በ1971 ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ፣ የቻይና መሐንዲሶች የወልዲያ–ወረታን መንገድ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ በዱከም የኢንዱስትሪ ዞን፣ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርና በየመንገድ ሥራው ካምፕ ይገኛሉ። የአዲስ ዓመት በዓላቸው ዋዜማ ሲደርስ ቤጂንግ እኩለ ሌሊት የሚሆነው እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ካምፑ ውስጥ ያለው ሰው ገና ራት ሳይቀርብለት ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ዓመት ይለውጣል።

የአምስት ሰዓቱ ልዩነት ለባዚ ቆጣሪም ፈተና ነው። የቻይና ቀን በአሥራ ሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ነው፣ እንስሳም አለው። ነቀምቴ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል የተወለደ ሕፃን በአገሩ ሰዓት ቢቆጠር የዘንዶ ሰዓት ላይ ይውላል፤ አያቱ ቤጂንግ ሆና በግድግዳ ሰዓቷ ብትቆጥርለት ግን በጉ ላይ ያርፋል። አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ሕፃኑ የተወለደበትን ቦታ ሰዓት ይይዛሉ። በቻይናም የልደት ወረቀቱ ገና አልቀረም፦ ሻንጋይ በሚገኘው የሕዝብ መናፈሻ፣ ወላጆች በየሳምንቱ መጨረሻ የልጆቻቸውን የልደት ዓመት፣ ቁመት፣ ሥራና ደመወዝ ጽፈው ይሰቅላሉ፤ ውጭ አገር ላሉ ልጆች የተለየ ጥግ አለ። የድሮው ካርድ ደመወዝ ተጨምሮበት ቀጥሏል።

የወለጋ ልጅም ዛሬ ሩቅ ነው፤ ብዙ ኦሮሞ የሰፈረባት ሚኒሶታ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢና ከጉቴ የሄዱ ቤተሰቦች አሏት። ከዚያ ሆኖ አገር ቤት ላለች ልጅ ሽማግሌ ሲልክ፣ ትውልዱ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ወረቀት አለው ወይ? ምን ይሠራል? እዚያ ያስቀመጣት ሴት የለችም? ይህን የሚያጣራው ደብተራ ሳይሆን እዚያው ከተማ ያለ የአክስት ልጅ ነው። ዶሮም ሆነ ወኪል አቁሞ መጋባት በሕጋችን በቀላሉ አይሆንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 12 ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲገልጹ ያዛል፤ በውክልና ማግባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩን የፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሽራው መምጣት አለበት። ኦርቶዶክስ ከሆነ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥር፤ አሠሪው የሰጠው ፈቃድም ከሁለትና ሦስት ሳምንት የማይዘል ከሆነ፣ ቀኑን የሚቆርጡት ጾሙና የመመለሻ ትኬቱ ናቸው።