የ1965ቱ የወሎ ረሃብና የደሴ ገበያ

የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ሲነሳ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ለሰማይ ይሰጣል፤ ዝናብ ቀረ፣ አዝመራ ጠፋ፣ ሰው አለቀ ይባላል። ድርቁ እውነት ነው፤ የወሎን ማሳ አድርቋል። ነገር ግን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ምርቱን ያጣ ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጥቷልና፣ ዋጋ የሚያስወድድ ገንዘብ ይዞ ገበያ ሊወጣ አልቻለም። ከብቱን ሊሸጥ ሲያወጣም ሻጩ በዝቶ ዋጋው ወደቀበት። አፋሩ ደግሞ ቀድሞ ተጎድቷል፦ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የበጋ ግጦሹን ስለወሰዱበት፣ ድርቁ ሲመጣ የሚሸሽበት መሬት ጠብቦ ነበር።

«መንገድ ስላልነበረ ነው» የሚሉ አሉ። ከመንገድ ለራቁ መንደሮች ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም የአዲስ አበባና የአስመራ ዋና መንገድ ደሴን አቋርጦ ያልፋል፤ ረሃብተኛውም የተኮለኮለው በዚያው መንገድ ዳር ነው። ይባስ ብሎ ከወሎ ወደ ሁለቱ ከተሞች የወጣ እህልም ነበር! እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነውና። መንግሥት ነገሩን ሲሸፋፍን ቆይቶ፣ ዓለም ጉዱን ያየው በጥቅምት 1966 በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ጭሰኛን ያስገበረው የባላባቱ ሥርዓት ብቻ ነበር? የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ወሎ ግን በ1977 እንደገና ተራበ።