የዓለም ዋንጫ ያልተጫወተው አጥቂ

በወጣቶች ኅብረታችን የኳስ ክርክር ሲነሣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይቆረጣል፦ «ስንት የዓለም ዋንጫ አለው?» በዚህ መለኪያ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ባዶ እጁን ነው። ዋንጫ ማንሣቱ ይቅርና በውድድሩ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጫወተም። ምክንያቱ ግን አብዛኛው ከሜዳ ውጪ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1926 ቦነስ አይረስ ተወለደ። በ1947 ለሪቨር ፕሌት 27 ግብ አግብቶ ክለቡን ሻምፒዮን አደረገ፤ በዚያው ዓመት ከአርጀንቲና ጋር የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ሲያነሣ በ6 ጨዋታ 6 ግብ አስቆጠረ። ለፍጥነቱና ለፀጉሩ «ወርቃማው ፍላጻ» አሉት። ለትውልድ አገሩ ግን ከዚያ በኋላ አልተሰለፈም።

በ1948 የአርጀንቲና ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ማኅበራችን ይታወቅ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን አሉ። በዚያ ዘመን የአንድ ተጫዋች ውል ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለት ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም ነበር። አድማው ሲራዘም ብዙዎች ወደ ኮሎምቢያ ተሰደዱ፤ ዲ ስቴፋኖም በ1949 የቦጎታውን ሚሊዮናሪዮስ ተቀላቀለ። የኮሎምቢያ ሊግ ያን ጊዜ ከፊፋ ውጪ ስለ ነበር ለቀድሞ ክለቦች የዝውውር ክፍያ አይከፍልም፤ ገንዘቡ ለተጫዋቹ ነበር። ገንዘብ አሳዶ ሄደ የሚሉት አሉ። እኔ አልፈርድበትም። ሠራተኛ ደመወዙን ቢጠይቅ ምን ነውር አለው?

በ1951 ሊማ ላይ በተደረሰ ስምምነት ተጫዋቾቹ እስከ 1954 በኮሎምቢያ ቆይተው ወደ ቀድሞ ክለባቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ስለዚህ በ1953 አንድ ሰው ሁለት ባለቤት ኖረው፤ ባርሴሎና ከሪቨር ጋር፣ ሪያል ማድሪድ ከሚሊዮናሪዮስ ጋር ተዋዋለ። የስፔን ፌዴሬሽን የሰጠው ፍርድ ያስቃል፦ በየዓመቱ እየተፈራረቃችሁ አጫውቱት! ባርሴሎና ድርሻውን ትቶ ወጣ። ከ1933 ወዲህ የሊግ ዋንጫ ያላየው ማድሪድ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆነ።

ከ1956 እስከ 1960 ማድሪድ የአውሮፓን ዋንጫ 5 ጊዜ በተከታታይ ሲወስድ ዲ ስቴፋኖ በ5ቱም የፍጻሜ ጨዋታዎች ግብ አግብቷል። የመጨረሻው በግላስጎው ከ127 ሺህ በሚበልጥ ተመልካች ፊት ነበር። አይንትራክት ፍራንክፈርት ቀድሞ አገባ፤ ዲ ስቴፋኖ ብዙም ሳይቆይ በላይ በላዩ ሁለት አከታተለ። ጨዋታው 7 ለ 3 አለቀ፤ 3ቱ የእርሱ፣ 4ቱ የሃንጋሪያዊው ፑሽካሽ። አጥቂ ይባል እንጂ ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ የሚነጥቀውም፣ ጨዋታውን የሚጀምረውም እርሱ ነበር።

የዓለም ዋንጫውስ? በ1950ም በ1954ም አርጀንቲና አልተሳተፈችም። በ1956 የስፔን ዜግነት አገኘ። ስፔን ግን ማድሪድ ላይ ከስዊዘርላንድ ጋር 2 ለ 2 ወጥታ፣ በስኮትላንድም ተሸንፋ ከ1958ቱ ቀረች፤ ይህኛው እንኳ ሜዳ ላይ የጠፋ ነው። በ1962 በስፔን ቡድን ተመርጦ ቺሊ ደረሰ። ጉዳት ነበረበት። ስፔን 3 ጨዋታ ተጫውታ ስትሰናበት እርሱ አንዱንም አልተሰለፈም፤ 36 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

በማድሪድ ቤቱ ያቆመው ሐውልት የዋንጫ ሳይሆን የኳስ ነው። የተጻፈበትም «አመሰግንሻለሁ፣ እማማ» የሚል ነው።