ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ውጭ አገር፦ ሕጋዊ የሥራ ስምሪት፣ የድንበር ቁጥጥር ክርክርና የዜጎች መብት

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸና ከተማና በእነማይ ወረዳ፣ በሞጣ ከተማና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ለሚኖሩ፣ ለሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድን ለሚያስቡ ዜጎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ጉዞው የሚጀመርበትን ምክንያት፣ ዜጎች የሚወድቁባቸውን አደገኛ መስመሮች፣ በድንበር ቁጥጥር ዙሪያ ሲካሄድ የቆየውን ክርክር፣ ሕጉ የሚፈቅደውን የስምሪት ሥርዓትና ችግር ሲደርስ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ጉዞው ለምን ይጀመራል?

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ዙሪያቸውን ጤፍ አብቃይ የሆኑ ከተሞች ናቸው። የአካባቢው ችግር የአፈሩ ልምላሜ ማነስ ሳይሆን የማሳው መጥበብ ነው። በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል የተካሄደው የገጠር መሬት ድልድል ምሥራቅ ጎጃምን በስፋት የነካ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎጆ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ይገኛል። ያለው አማራጭ የወላጆቹን ማሳ ከወንድምና ከእኅት ጋር መካፈል፣ የሌላ ሰው መሬት በእኩል ማረስ ወይም ከቀዬው ወጥቶ ሥራ መፈለግ ነው።

ከቀዬ ወጥቶ መሥራት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በአጨዳ ወቅት ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ሕገወጥ ደላላዎች የሚጠቀሙትም በዚሁ ልማድ ነው። የአጨዳው ወራት ሲያበቃ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ በመተማ ዮሐንስ የሚቆይ ወጣት፣ ማዶ ያለችውን ገላባትን አሻግሮ እያየ፣ «ከድንበሩ ወዲያ ክፍያው የተሻለ ነው» የሚል ሰው ማግኘቱ አይቀርም። በዚህ አኳኋን የአገር ውስጥ የወቅት ሥራ ሳይታሰብ ወደ ድንበር ማሻገር ይለወጣል።

ሦስቱ አደገኛ መስመሮች

ከኢትዮጵያ የሚነሱ ሕገወጥ ጉዞዎች በዋናነት ሦስት መስመሮችን ይከተላሉ።

የሰሜን ምዕራብ መስመር በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም በሰሃራ በረሃ ወደ ሊቢያና ሜድትራኒያን ባሕር ያመራል። በሊቢያ ተጓዦች ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ፤ ቤተሰብ የማስለቀቂያ ገንዘብ እስኪልክም ታግተው ይሠቃያሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያንን መግደሉ በመላ አገሪቱ ከባድ ሐዘን ማስከተሉ ይታወሳል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በዚያ አገር ማለፍን ከቀድሞው ይበልጥ አደገኛ አድርጎታል።

የምሥራቅ መስመር በአፋር ወይም በሶማሌ ክልል በኩል ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሶማሊያ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ በመጨረሻም በእግር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያደርስ ነው። በዚህ መስመር ጀልባዎች ከአቅማቸው በላይ ስለሚጫኑ በተደጋጋሚ ይሰጥማሉ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም በየመን አብያን ግዛት ጠረፍ በሰጠመች አንዲት ጀልባ በርካታ ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የደቡብ መስመር በሞያሌ በኩል ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ጎረቤቶቻቸውን አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወስዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው መገኘታቸው የመስመሩን አደጋ ያሳያል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በጉብኝት ቪዛ በአውሮፕላን የሚደረግ ጉዞ አለ። ተጓዡ ከአገር ሲወጣ ሰነዱ የተሟላ ይመስላል፤ ነገር ግን የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይሰጥም። ቪዛው ሲያልቅ ሠራተኛው ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀራል፤ ደመወዙ ቢከለከልም አቤት የሚልበት የተመዘገበ የሥራ ውል አይኖረውም።

ድንበሩን መዝጋት ወይስ ሕጋዊውን በር መክፈት?

በዚህ ጉዳይ በምክር ቤቶች፣ በየመሥሪያ ቤቱና በቤተሰብም መካከል ሲነሱ የቆዩ ሦስት አስተያየቶች አሉ።

አንደኛው ወገን መፍትሔው የድንበር ቁጥጥሩን ማጥበቅና አሻጋሪዎችን በጽኑ መቅጣት ነው ይላል። ሞትና እገታ ባለበት መንገድ ዜጎች እንዲያልፉ ዝም ማለት የመንግሥትን ጥበቃ የማድረግ ግዴታ እንደመተው ይቆጠራል የሚል ነው መከራከሪያው። ሁለተኛው ወገን ኢትዮጵያ ከስድስት አገሮች ጋር የምትዋሰንበት ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ድንበር በኬላ ብቻ ሊጠበቅ እንደማይችል ያስገነዝባል። በየኬላው ጥበቃው ሲጠብቅ ጉዞው ወደ በረሃው ይርቃል፤ የአሻጋሪው ዋጋም ይጨምራል ይላል። ሦስተኛው ወገን ክርክሩ ከድንበሩ ሳይሆን ከመንደሩ መጀመር አለበት ባይ ነው፤ መሬት ለሌለው ወጣት መነሻ ገንዘብና የሥራ ቦታ ካልተገኘ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው ይላል።

አገሪቱ ያሳለፈችው ተሞክሮ ለእነዚህ አስተያየቶች መመዘኛ ይሆናል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም በዜጎች ላይ በሚደርሰው በደል ምክንያት ለሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድን ለጊዜው አገደ። በዚያው ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም ቢቆይም ጉዞው ግን አልቆመም፤ ሕጋዊው በር ሲዘጋ ብዙዎች ወደ ደላላ ሄዱ። በሌላ በኩል ሕጋዊው በር ክፍት በነበረበት ጊዜም ቁጥጥሩ የላላ ስለነበር በሠራተኞች ላይ የደረሰው በደል ቀላል አልነበረም።

አሁን በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ከዚህ የተገኘውን ትምህርት የያዙ ናቸው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 እንደተሻሻለ ሕጋዊውን መንገድ ይደነግጋል። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በ2007 ዓ.ም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 909 ተክቶ አሻጋሪዎችንና የሰው ነጋዴዎችን ይቀጣል። የሁለቱም መሠረት ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ሲያረጋግጥ፣ አንቀጽ 18 በሰው መነገድን ለማናቸውም ዓላማ ይከለክላል። ስለዚህ ሕጉ ጠንክሮ የሚይዘው በተጓዡ የሚነግደውን ሰው ነው።

ሕጋዊው የስምሪት ሥርዓት

ስምሪቱ የሚፈጸመው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምሪት ስምምነት ወደተፈራረመችባቸው አገሮች ነው። ከእነዚህም መካከል ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዮርዳኖስ፣ ኳታርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ይገኛሉ። ሠራተኛው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር በሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይመዝገቡ። ምዝገባው በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ ስለሚገባ ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በመታወቂያዎ፣ በልደት የምስክር ወረቀትዎና በፓስፖርትዎ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

2. የልደት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት፣ ፓስፖርት ደግሞ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ያውጡ። ለዕድሜ ማሳሳት ፈቃደኛ አይሁኑ፤ በሐሰተኛ ዕድሜ የተያዘ ሰነድ በኋላ መብትዎን ለማስከበር እንቅፋት ይሆናል።

3. በተመረጡ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ሥልጠናውን ተከታትለው በምዘና የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ያግኙ። ሥልጠናውን ሳይወስዱ ምስክር ወረቀት እንዲገዙ የሚገፋፋዎት ሰው ሕገወጥ ነው።

4. የጤና ምርመራ ያድርጉ፤ የቅድመ ጉዞ ገለጻውን ይከታተሉ።

5. የሥራ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት በሚረዱት ቋንቋ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ምግብና መኝታው፣ ሕክምናውና የመመለሻ ትኬቱ በግልጽ መስፈር አለባቸው። በሚኒስቴሩ ያልጸደቀ ውል ይዘው አይጓዙ። የውሉን አንድ ቅጂ ለቤተሰብዎ ይተዉ።

የቤት ሠራተኛ በቀጥታ ቅጥር፣ ማለትም ያለ ኤጀንሲና ያለ መንግሥት አገናኝነት፣ መሄድ አይፈቀድም። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የገንዘብ ዋስትና ያስያዘ ሲሆን፣ አሠሪው ውሉን ቢጥስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው። ደላላ ግን የሚጠየቅበት ዋስትናም አድራሻም የለውም።

ወጪውን ማን ይከፍላል?

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋንና የውል ማጽደቂያ ክፍያ የአሠሪው ወጪዎች ናቸው። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ወጪዎችን ነው። ሠራተኛው ሰነዱን አሟልቶ ያለ ጥፋቱ ሳይሰማራ ቢቀር፣ ያወጣውን ወጪ ኤጀንሲው የመተካት ግዴታ አለበት። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ይህን ዝርዝር ማወቅ ለገጠር ቤተሰብ ልዩ ጥቅም አለው። ለቪዛና ለትኬት ተብሎ የእርሻ በሬ መሸጥ ወይም በወለድ መበደር የአሠሪውን ግዴታ ከገበሬው ጎተራ መክፈል ነው። መሬትን መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ስለሆነ ለጉዞ ተብሎ የሚደረግ የመሬት ሽያጭ ውል ዋጋ የለውም። መሬት ማከራየት ካስፈለገም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።

ሕገወጥ ደላላን እንዴት መለየት ይቻላል?

«አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚል ቃል ብዙውን ጊዜ የእገታ መጀመሪያ ነው፤ ሂሳቡ የሚጠየቀው ተጓዡ መውጫ በሌለው ቦታ ከገባ በኋላ፣ ከቤተሰቡ ነው። ጽሕፈት ቤት የሌለው፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ለቤተሰብ እንዳይነገር የሚያስጠነቅቅ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት የሚሰበስብ፣ በሌሊት መነሳትን የሚመርጥ ሰው ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል። ደላላው የአገር ልጅ ወይም ዘመድ መሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ችግር ከደረሰ

ዘመድዎ ታግቶ የማስለቀቂያ ገንዘብ ከተጠየቁ ሳይዘገዩ ለአካባቢዎ ፖሊስ ያመልክቱ። የተደወለበትን ስልክ ቁጥር፣ ገንዘብ እንዲገባበት የተነገረዎትን የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የላኩበትን ደረሰኝና የድምፅ መልእክቶችን አያጥፉ። አጋቹ በሩቅ አገር ቢሆንም ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ብዙውን ጊዜ አገር ውስጥ ነው።

ማስረጃና ምስክርነት ውጤት እንደሚያመጣ የታየ ነው። በሊቢያ ስደተኞችን በማገት የተከሰሰው ኪዳነ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተያዘው ከተጎጂዎቹ አንዱ በመንገድ ላይ ስላወቀው ነው። በ2013 ዓ.ም ከችሎት ቢያመልጥም በ2015 ዓ.ም በሱዳን ዳግም ተይዟል። በተመሳሳይ ወንጀል የተከሰሰው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ18 ዓመት እሥራት ተፈርዶበት፣ በኋላም ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቷል።

በውጭ አገር ያለ ሠራተኛ ደመወዝ ቢከለከል ወይም በደል ቢደርስበት፣ በአቅራቢያው ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማመልከት ይችላል፤ በሳዑዲ ዓረቢያ በሪያድና በጅዳ ይገኛሉ። አገር ቤት ያለው ቤተሰብም የውሉን ቅጂ ይዞ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።

ከስደት ለተመለሱ

የወንጀሉ ተጎጂ የሆነ ሰው በአሻጋሪ መሄዱን ፈርቶ መደበቅ የለበትም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂውን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን ጥበቃ፣ ሕክምናና የሕግ ድጋፍ እንደሚገባው ሰው ይመለከተዋል። በአሻጋሪው ላይ የሚሰጠው ምስክርነትም ከዚያው መንደር ቀጥሎ የሚነሳውን ወጣት ሊያድን ይችላል። ተመላሾች በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይመዝገቡ፤ በውጭ አገር ያካበቱትን ሙያም ያስመዝግቡ። የሙያ ምዘና፣ የሥልጠናና የመቋቋሚያ ድጋፍ ጥያቄዎች የሚስተናገዱት በዚሁ ምዝገባ መሠረት ነው።