የመተማ ሹመት ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከጭልጋ ቁልቁል ወርዶ እስከ ሱዳን ወሰን ያለውን የቆላ አገር፣ የመተማን የሹመትና የገበያ ጥበቃ ዜና እንጽፋለን። የነገሥታቱን ጦርነት ከእኛ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈውታል። መተማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የአፄ ዮሐንስን መውደቅ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበያውን ማን ጠበቀ፣ ቀረጡን ማን ሰበሰበ፣ ወንበዴውን ማን ያዘ፣ ሹሙንስ ማን ሾመ ማንስ ሻረ የሚለውን ብዙዎች ንቀው አልፈውታል። ንጉሠ ነገሥቱን እስከ ቆላው ያወረደው ጦርነት ግን ሥሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

በቀድሞ ዘመን ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ካለው የምዕራብ አገር ተነሥተው ወደ መካ ለሐጅ የሚሄዱ፣ ከሐጅም የሚመለሱ ሰዎች በዚህ ቆላ እያረፉ ቀሩ። አገሩም ተክሩር አላቸው። ጫካውን መንጥረው ማሽላና ጥጥ ዘሩ፣ መንደር መሠረቱ፣ ከራሳቸው ወገን በሆነ ሼክም ተዳደሩ። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወስደው የነጋዴ መንገድ በደጃቸው ያልፍ ነበርና መንደራቸው ገበያ ሆነች። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ፈረስና በቅሎ ይወርድ ነበር፤ ከሱዳን ጨርቅና ዶቃ ይመጣ ነበር፤ መገበያያውም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ሰውም እንደ ከብት ይሸጥበት ነበር። ይህን ሳይጽፉ የመተማን ገበያ ማመስገን ሐሰት ነው፤ ከቆላው ተፈንግለው በዚያ ገበያ የቆሙት ወንዶችና ሴቶች ስማቸውን የጻፈላቸው የለምና።

የተክሩሩም ሼክ ለሁለት ጌታ ይገብር ነበር፤ ለሐበሻ ንጉሥ አንድ ግብር፣ ሱዳንን ለያዘው ለግብፅ መንግሥት ሌላ ግብር። ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች የተክሩርን ሼክ ሁለት ልብ ነው ብለው ነቅፈውታል። እኛ ግን አንነቅፈውም። በሁለት ኃይለኛ መንግሥታት መካከል የተቀመጠ ገበያ ከሁለቱም ጋር ታርቆ ካልኖረ አንዱ ያቃጥለዋል፤ ሁለት ግብር መክፈሉም ከአንድ ቃጠሎ ይረክሳል። በ1854 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በመጣ ጊዜ፣ በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ለአፄ ቴዎድሮስ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ሼኩ ጁማ የሚባለው ሰው ነበረ። ራሳም ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፣ ከአንድ ወር በላይ፣ የንጉሡን ፈቃድ እየጠበቀ በመተማ ተቀመጠ። ፈቃዱ ሲመጣም ወህኒ ወደምትባለው ቦታ ወጣ፤ ግመል ደጋውን አይወጣምና በዚያ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በሰውና በበቅሎ ተጫነ። ከወህኒ ወዲያ መንገደኛውን የሚጠብቀው የንጉሡ ሰው ነበረ፤ እስከ ወህኒ ግን የመተማ ሼክ ኃላፊ ነበረ። ጥበቃ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ሥራ ነበረ፤ እያንዳንዱም ሹም የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው ብሎ ያውቅ ነበር።

ቆላው ጸጥተኛ ነበር ለማለት አይደለም። በሱዳን ያለችው የሸንዲ ንጉሥ መክ ንምር በ1815 ዓ.ም. የግብፁን ገዥ የሙሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤልን በእሳት አቃጥሎ ከገደለ በኋላ ሸሽቶ በዚሁ ወሰን ገባ፤ ልጁም ከእሱ በኋላ በግብፅ ግዛት ላይ ሲዘምት ኖረ። የቋራው ካሣም፣ በኋላ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ወታደር ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ መድፍና ሥርዓት ያለው ጦር ምን እንደሚያደርግ ያዩት በዚያ ቀን ነው። በረሃ ለተሰደደ ሁሉ ደጅ ነበረ። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ መካከል ገበያው አልጠፋም፤ ሼኩ በገበያተኛው መካከል የሚኖር፣ ገበያው ቢፈርስ እሱም የሚፈርስ ሰው ነበረና።

ነገሩ የተለወጠው በግብፁ ከዲቭ በሌላው እስማኤል ዘመን ግብፆች ጦር አስገብተው መተማን በወታደር በያዙ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሹመት ከካርቱም የሚመጣ ሆነ። የተክሩሩ አለቃ ሳሊሕ ሻንቃ የመንግሥት ሰው ሆኖ ቤይ ተባለ። ማሕዲም በሱዳን ተነሥቶ ጭፍሮቹ ከተማውን በከበቡ ጊዜ ከካርቱም የሚደርስለት አልተገኘም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በዐድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ውል አደረጉ፤ በማሕዲ ጭፍራ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ፈቀዱ። በ1877 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ወርዶ የመተማን ወታደርና ነዋሪ አወጣ፤ ሳሊሕ ሻንቃም ወደ ኢትዮጵያ ወገን ገባ። ንጉሡ ስለዚህ ቸርነት የተከፈላቸው ምን እንደ ሆነ ታሪክ ያውቃል፤ በዚያው ዓመት ጣልያን ምጽዋን ያዘ፣ እንግሊዝም ዝም አለ። የዳነው የግብፅ ጦር ወደ አገሩ ገባ፤ የማሕዲው ቂም ግን ለኢትዮጵያ ቀረ።

ባዶውን ገበያ የማሕዲው አሚር ሙሐመድ ወድ አርባብ ያዘ። የወሰኑን አገር ወረረ፣ የማኅበረ ሥላሴንም ገዳም አጠፋ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ቀድሞ ራስ አዳል የተባሉት የጎጃም ንጉሥ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ወርደው ወጉት፤ ወድ አርባብ ሞተ፣ ከተማውም ተቃጠለ።

ከዚህ በኋላ የማሕዲው ተተኪ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ዩኑስ ወድ ደከይምን በመተማ ሾመ። የዚህን ሰው ሥራ በእርጋታ እንጽፈዋለን። ዩኑስ ለነጋዴው ሁሉ ሰላም ነው አለ፤ የሐበሻ ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ ይውረድ፣ የሚነካው የለም ብሎ ቃል ሰጠ። ነጋዴው ደግሞ ጦርነት ገበያውን ከዘጋበት ወዲህ ቡናውና ሰሙ በእጁ ከርሞበት ነበርና ቃሉን አምኖ ወረደ። ክርስቲያኑም እስላሙም ወረደ። በወረዱም ጊዜ ዩኑስ ያዛቸው፤ ሀብታቸውን ዘረፈ፣ እነሱንም አስሮ ወደ ኦምዱርማን ሰደዳቸው። በዚያ በባዕድ አገር በረሃብና በመከራ ያለቁት ብዙዎች ናቸው። ጦር ሜዳ ላይ የሞተ ሰው ጠላቱን አይቶ ነው የሞተው። እነዚህ ግን የገበያ ሹም የሰጣቸውን ቃል አምነው ነው የጠፉት፤ ስለዚህ በመተማ ከተሠራው ክፉ ሥራ ሁሉ እኛ ይህን እናስቀድማለን። በዚያ ዘመን ያን ገበያ ያቆመው ቅጥር አልነበረም፤ ያቆመው የሹሙ ቃል ነበረ። ቃሉ ከተሰበረ በኋላ መተማ የነበረችውን ገበያ ለመሆን ብዙ ዘመን ወሰደባት።

ኸሊፋውም ጦሩን ያበዛ ዘንድ ሐምዳን አቡ ዓንጃን ከዩኑስ በላይ አድርጎ ሰደደው። በሰፈሩ ውስጥ ነቢዩ ዒሳ እኔ ነኝ የሚል ሰው ተነሥቶ አንዳንድ አሚሮች ተከትለውት ነበር፤ አቡ ዓንጃ እሱንም ተከታዮቹንም ገደለ። በጥር 1880 ዓ.ም. በሣር ውኃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያኑን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማረከ። አፄ ዮሐንስ ስለ ሰላም ጻፉለት፤ እሱ ግን በስድብ መለሰ። አቡ ዓንጃ በ1881 ዓ.ም. በበሽታ ሞቶ ዘኪ ጠማል ተተካ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማን ወጉ፤ ቅጥሩን ሰብረው ድሉ ወደ እሳቸው ሲያዘነብል በጥይት ቆሰሉ፣ በማግስቱም ዐረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚያም ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ በበሽታ፣ ሰዉ በረሃብ አለቀ። በመተማም ሹም ቢኖር የሚጠብቀው ገበያ አልነበረም።

በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ ሃሪንግተን ጋር በአዲስ አበባ የወሰን ውል ተፈራረሙ። በዓመቱ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ሻለቃ ጉዊን መስመሩን በምድር ላይ አወጣ። መስመሩም በክረምት ብቻ ውኃ የሚያወርደውን ቦይ ተከትሎ ጋላባትን ወደ ሱዳን፣ መተማን ወደ ኢትዮጵያ ለየ። ለሁለት ጌታ ይገብር የነበረ አንድ ገበያ እንዲህ በሁለት ሹሞች፣ በሁለት ኬላዎችና በሁለት ሕጎች ተከፈለ። በዚህ ማዶ ወንጀል የሠራ በዚያ ማዶ ይጠለላል፤ በዚያ ማዶ የዘረፈ ወዲህ ይሻገራል። ጉዊን በምድር ላይ ያወጣውን መስመር ሁለቱ መንግሥታት በ1964 ዓ.ም. በደብዳቤ ልውውጥ ቢያጸኑትም፣ የእርሻ መሬቱ ክርክር በተለይ ወደ ሰሜን ባለው በአልፋሽቃ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በጣልያን ወረራ ጊዜ የሆነውን በአጭሩ እናልፋለን፤ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን ከመተማ ተነሥቶ ጋላባትን ያዘ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድ ጦር መልሶ ወጋው፣ በጥር መጨረሻም ጣልያን መተማን ለቆ ሸሸ።

ሰላም ከሆነ በኋላ በ1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የማዘጋጃ ቤት አዋጅ ቁጥር 74ን አወጁ። በዚህ አዋጅ ከአዲስ አበባ ጋር በመጀመሪያው መደብ የተቆጠረችው የመተማ መንገድ የሚነሣባት ጎንደር ናት። ከንቲባዋን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከከንቲባው ጋር ምክር ቤት ይቀመጥ ነበር፤ ከየሚኒስቴሩ የተላኩ ሰዎች ነበሩበት፣ ባለ ርስት የሆኑ ሰባት ነዋሪዎችም በየዓመቱ ተመርጠው ይገቡበት ነበር። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ቄራ፣ የገበያ ሥርዓትና የከተማ ግብር ይመከርበት ነበር። ሰባቱ ሰዎች የቱን ያህል ይሰሙ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሿሚው በላይ ተቀምጦ ሳለ ተመራጩ ብዙ አይናገርም፤ ርስት የሌለውም ሰው ከነጭራሹ አልተቆጠረም። ነገር ግን የከተማው ሰው ስለ ከተማው በሕግ አፍ አግኝቶበታልና ሊናቅ አይገባም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ወረሰ፣ ቀበሌንም አቆመ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ የተባለው የደርግ ተቃዋሚ ድርጅት ሑመራንና መተማን ይዞ ለጥቂት ወራት ሰነበተ፤ ደርግም መልሶ ያዛቸው። በእነዚያ ዓመታት ሹመት የሚገኘው ከጠመንጃ አፈሙዝ ነበረ፤ የከተማው ሰው ማለዳ ሲነሣ ማን እንደሚገዛው ጠይቆ ነበር ወደ ሥራው የሚሄደው።

በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር ለሦስት ሲከፈል የምዕራብ ጎንደር ዞን ተቋቋመ፤ መቀመጫውም ገንዳ ውኃ ሆነ። በወሰኑ ላይ ያለው ከተማ በወደቁት ንጉሥ ስም መተማ ዮሐንስ ይባላል። ዛሬ በሕጉ ከንቲባ የሚመረጠው በምክር ቤቱ ነው፤ ካቢኔውን እሱ ያቀርባል፣ አፈ ጉባኤው ያወያያል፣ አባላቱ እጅ አውጥተው ያጸድቃሉ። ሥራውም ከባድ ነው። የሰሊጥና የጥጥ አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይጎርፋል፤ መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ወባና ካላዛር ይበረታል፤ ኮንትሮባንዱ በጫካ ያልፋል፤ ፖሊስና ሚሊሻ ለሰፊው በረሃ አይበቁም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሱዳናዊውም፣ ሱዳን የነበረው ኢትዮጵያዊም፣ የሌላ አገር ሰውም በመተማ በር ገባ።  በኩመርና በአውላላ የሰፈሩት ስደተኞች ግን ዝርፊያና ጥቃት ደረሰብን ብለው በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ ወጥተው በመንገድ ላይ ሰፈሩ። ከጎንደር በሚያወርደው መንገድም እገታ ብዙ ቤተሰብ አስለቅሷል። አምኖ የመጣን እንግዳ መጠበቅ አለመቻል በመተማ ምድር ቀላል ነገር አይደለም፤ የዩኑስን ዘመን የሚያውቅ ይህን ይረዳል።

እንግዲህ የመተማ ዮሐንስና የገንዳ ውኃ የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ይህን የጻፍነው ለእናንተ ነው። ሹመት ለማጽደቅ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የሚሾመው ሰው ገበያው ቢዘረፍ፣ መንገደኛው ቢታገት በፊታችሁ ቆሞ መልስ የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ፤ መልስ የማይሰጥ ከሆነ አታጽድቁ። የተናገራችሁትንም፣ የተቃወማችሁትንም በቃለ ጉባኤ አስጽፉ፤ አንዱን ቅጂ በከተማችሁ አኑሩ፣ አንዱንም በአዲስ አበባ ወዳለው ቤተ መዛግብት ስደዱ። የሼክ ጁማን ዘመን የምናውቀው ባዕዳን መንገደኞች ስለጻፉት ነው፤ የእናንተን ዘመን እናንተው ጻፉት።